የሎሚ ቅጠል ቦርቧሪዋ የእሳት እራት



ወደ እኛ ወደ ማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኞች የሚመጡ ሰዎች ዘወትር ይዘው የሚመጡት ወረቀት ነው። ከቢቱዋሕ ሌኡሚ የተላከ ደብዳቤ፣ የመብራት ሂሳብ፣ የትምህርት ቤት ጥሪ። በበጋው መጨረሻ ግን አንዳንድ አባቶችና እናቶች ወረቀት ሳይሆን ቅጠል ይዘው ይመጣሉ። የሎሚ ቅጠል ነው። ተጠቅልሏል፣ ተጨማድዷል፣ በላዩም ላይ ቀንድ አውጣ የሄደበት የሚመስል ብርማ መስመር ወዲያና ወዲህ ሲጠማዘዝ ይታያል። ጥያቄያቸውም አንድ ነው። «ዛፌ ሊሞትብኝ ነው ወይ? ምን ልርጭበት?»

መልሱን አስቀድመን እንናገር። ዛፉ አይሞትም፤ ምንም መርጨት አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ጎረቤቱ መርጨት ሲጀምር እርሱም መርጨቱ ስለማይቀር፣ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይሻላል ብለን ይህንን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሟና መልኳ

መስመሩን የሚሠራው የአንዲት እጅግ ትንሽ የእሳት እራት ትል ነው። በዕብራይስጥ የእሳት እራት «አሽ» ስትባል፣ ይህችኛዋ «አሽ ሀሚንሃሮት» ትባላለች። ሚንሃራ ማለት መኪና ወይም ባቡር የሚያልፍበት የተቦረቦረ መንገድ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ትሏም በቅጠሉ ውስጥ የምትሠራው ይህንኑ ነው። ሳይንሳዊ ስሟ ፊሎክኒስቲስ ሲትሬላ ነው። እኛ እዚህ «ቅጠል ቦርቧሪ» እያልን እንጠራታለን።

አገር ቤት ማታ ማታ ኩራዝ ሲበራ የእሳት እራት እየዞረች መጥታ ነበልባሉ ውስጥ ስትገባ ያላየ የለም፤ ስሟም የመጣው ከዚሁ ነው። ይህችኛዋ ግን በኩራዙ ዙሪያ ብትዞር እንኳ ልብ የሚላት አይኖርም። ቁመቷ 2 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ክንፎቿ ሲዘረጉ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሁለት የጤፍ ፍሬ ጫፍና ጫፍ ቢያያዙ ቁመቷን ያህላሉ። መልኳ ብርማ ነጭ ሲሆን በፊተኛው ክንፏ ጫፍ ላይ አንዳንድ ጥቁር ነጥብ አለ። የምትንቀሳቀሰው በሌሊትና ጎሕ ሲቀድ ነው። ቀን ቀን ተደብቃ ትውላለች። በዚህም ምክንያት ዛፉን የጎዳው ማን እንደሆነ ባለቤቱ ሳያያት ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ከየት መጣች

ቅጠል ቦርቧሪዋን ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ መጽሐፍ ያሰፈራት ሄንሪ ስቴንተን የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ዘመኑ 1856፣ ናሙናውም የመጣው ከሕንድ ከካልካታ ነበር። አገሯ እስያ ነው። ሎሚ፣ ብርቱካንና ትርንጎ ራሳቸው ከዚያው ከእስያ የመጡ ስለሆኑ ነገሩ አያስገርምም። የሚያስገርመው ብዙ ዘመን ከቆየች በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓለምን መሙላቷ ነው። በ1993 በአሜሪካ በፍሎሪዳ፣ በዚያው ዓመት በስፔን፣ በ1994 ደግሞ እዚህ እስራኤል ውስጥ ተገኘች። ብዙ ሳይቆይ በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ ብርቱካን የሚያበቅል አገር ሁሉ አወቃት። በኢትዮጵያም አለች።

ከእኛ ብዙዎቻችን የመጣነው በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ነው፤ ከዚያ ቀደም ብለው በሙሴ ዘመቻ የገቡም አሉ። እንግዲህ በዚህ ሂሳብ ይህች የእሳት እራት ከእኛ በኋላ የመጣች ኦላ ሐዳሻ ናት ማለት ነው። ይህንን ለአንድ ሽማግሌ ስንነግራቸው ስቀው «ታዲያ ሳል ክሊታ ሰጧት ወይ?» ብለውናል።

በቅጠል ውስጥ ያለው ኑሮ

ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው በለጋ ቅጠል ላይ ብቻ ነው። ገና የተከፈተ፣ ለስላሳ፣ የጣት ጥፍር የሚያህል ቅጠል ትመርጣለች። የጠነከረና ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ቅጠል አይሆናትም። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ትጥላለች፤ በዕድሜዋ ሃምሳና ከዚያም በላይ ልትጥል ትችላለች። አብዛኛውን ጊዜ የምታስቀምጣቸው በቅጠሉ ጀርባ በመካከለኛው ጅማት አጠገብ ሲሆን፣ እያንዳንዱ የውሃ ጠብታ ይመስላል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ትሏ ትፈለፈላለች። እዚህ ላይ ልብ ይሏል፤ ትሏ ወደ ውጭ አትወጣም። እንቁላሉ ከቅጠሉ ጋር በተጣበቀበት በኩል ቀጥታ ወደ ቅጠሉ ትገባለች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ክንፍ አውጥታ እስክትበር ድረስ ነፋስ አይነካትም፣ ዝናብ አይነካትም፣ የተረጨ መድኃኒትም በቀላሉ አይደርስባትም። የቅጠሉ ስስ ቆዳ ጣሪያዋ ነው።

ትሏ የምትበላው ሥጋውን የቅጠሉን ክፍል አይደለም። ከላይ ያለውን ስስ ቆዳ ከሥሩ እየፈለቀቀች ከዚያ የሚወጣውን ፈሳሽ ትመጣለች። የተፈለቀቀው ቆዳ ከሥሩ አየር ስለሚገባበት ብርማ ሆኖ ያበራል። በመንገዱ መካከል ለመካከል እንደ እርሳስ ጭረት የቀጠነ ጥቁር መስመር ካያችሁ፣ ያ ኩሷ ነው። እየበላች ስትሄድ ጥላው የምታልፍ ሲሆን፣ ይህች መስመር ቅጠል ቦርቧሪዋን ከሌላ በሽታ ለመለየት ጥሩ ምልክት ናት። መንገዱ ሲጀመር ክር ያህል ቀጭን ነው። ትሏ ባደገች ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል። እርሷ ራሷ ግን አድጋም ከ3 ሚሊ ሜትር እምብዛም አታልፍም፤ ቀለሟም ብጫ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ስለሆነ ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንስተው ካላዩ አትታይም።

አድጋ ስትጨርስ መብላቷን ታቆማለች። ወደ ቅጠሉ ዳር ትሄድና ከአፏ በምታወጣው ሐር የቅጠሉን ጠርዝ ጎትታ በላይዋ ላይ ታጥፈዋለች። ሰዎች «ተጠቀለለብኝ» የሚሉት ቅጠል እንግዲህ የእርሷ መኝታ ቤት ነው። በዚያች እጥፋት ውስጥ ፑፓ በሚባለው የእንቅልፍ ዘመኗ ቆይታ፣ የእሳት እራት ሆና ትወጣለች። የተጠቀለለውን ቅጠል ቀስ ብሎ የዘረጋ ሰው ባዶ ቡናማ ቅርፊት ሊያገኝ ይችላል። ቅርፊቱ ባዶ ከሆነ ባለቤቷ ሄዳለች፤ በዚያ ቅጠል ላይ የሚረጭ መድኃኒት የሚረጨው በባዶ ቤት ላይ ነው።

ከእንቁላል እስከ በረራ ያለው ጊዜ እንደ ሙቀቱ ይለያያል። በሞቃት ወራት ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ሊበቃ ይችላል፤ በቅዝቃዜ ወራት ግን ሰባት ሳምንት ድረስ ይደርሳል። በመሆኑም በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ትውልድ ይፈራረቃል። በፀደይ ሎሚው መጀመሪያ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ የእሳት እራቶቹ ከክረምቱ ቅዝቃዜ ገና ስላልበዙ ያ ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ያድጋል። ከበጋው አጋማሽ በኋላና በመጸው የሚወጣው ቅጠል ግን ብዛታቸው ከፍ ባለበት ሰዓት ስለሚገኝ ይጠቃል። አንድ እናት «ፋሲካ ላይ ደህና ነበር፣ ለሱኮት ምን ነካው?» ብለው የጠየቁን ይህንኑ አይተው ነው።

ዛፉ ምን ያህል ይጎዳል

ለምግብ የሚሠራው የቅጠሉ ሥጋ በአብዛኛው ስለማይበላ፣ የተቦረቦረ ቅጠል እንኳ ዛፉን መመገቡን አያቆምም። አራትና አምስት ዓመት ያለፈው ዛፍ ብዙ የጠነከረ ቅጠል ስላለው ጥቃቱን ይችለዋል። ፍሬውም እምብዛም አይነካም። የሚጎዳው ችግኝና ወጣት ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ ሁሉ ለጋ ስለሆነ እድገቱ ይዘገያል። እንግዲህ እጅግ የምንጨነቅባቸው ዓመታት ኦሪት ፍሬውን አትብሉ ብሎ ካዘዘባቸው ከሦስቱ የዖርላ ዓመታት ጋር መገጣጠማቸው ነው። በእነዚያ ዓመታት ከዛፉ የሚጠበቅ ፍሬ ስለሌለ፣ ቢዘገይም የሚጎድል ነገር የለም። ትርንጎን ለሱኮት ኤትሮግ ብለው የሚያበቅሉ ገበሬዎች ግን ሌላ ሂሳብ አላቸው። የትርንጎ ቅጠል ለዚህች ትል ይስማማታል፤ አንዳንዴም ትሏ የለጋ ፍሬ ልጣጭ ላይ መስመር ትጥላለች። እንከን የሌለበት ኤትሮግ ለሚፈልግ ገበያ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላ ትል ከዚህች ጋር እንዳይምታታ ጥቂት እንበል። ፍሬው ውስጥ ትል ካገኛችሁ ቅጠል ቦርቧሪዋ አይደለችም። የፍሬ ዝንብ ወይም ሌላ ዓይነት የእሳት እራት ሊሆን ይችላል። ከእነዚህም አንዷ የአፍሪካ ተወላጅ የሆነችው፣ በብርቱካን፣ በሮማንና በጽጌረዳ ላይ የምትገኘው ናት፤ እስራኤል ውስጥ በ1980ዎቹ ተገኝታለች፣ ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ የሚላክ ጽጌረዳም በእርሷ ምክንያት ጥብቅ ምርመራ ይደረግበታል። በጤና አዳማችሁ ላይ ደግሞ ትልቅ አረንጓዴ፣ ጥቁር ዝንጉርጉር አባጨጓሬ ካያችሁ ያ የቢራቢሮ ልጅ ነው። ጤና አዳምና ሎሚ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት መሆናቸውን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ሁለቱንም ቅጠሎች በጣቱ አሽቶ ያሸተተ ግን ሳይጠረጥር አይቀርም።

ሄርዝል ጎዳና ላይ ያለው ግቢ

ረሆቮት በ1890 የተመሠረተች የእርሻ ሰፈር ነበረች። ስሟን ያስጠራው ብርቱካን ነው። በ1904 የተተከለው የሚንኮቭ ፓርዴስ ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። በከተማዋ ዓርማ ላይም ብርቱካን፣ መጽሐፍና ማይክሮስኮፕ በአንድነት ይታያሉ። የሄርዝልን ጎዳና ይዞ ወደ ሰሜን የሄደ ሰው በመጨረሻው ላይ ሁለት ትልልቅ ግቢዎች ያገኛል፤ አንዱ የቫይዝማን የምርምር ተቋም ነው፣ ሌላው በ1942 የተከፈተው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ፋኩልቲ ነው። የእኛ ሰዎች በአውቶቡስ በደጁ ያልፋሉ፣ በጽዳትና በጥበቃ ሥራም ይገባሉ። ውስጡ ምን እንደሚጠና ግን የሚነግራቸው የለም። በዚህች አገር የሎሚና የብርቱካን ተባዮችን ካጠኑት ቀደምት ምሁራን አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ሺሞን ቦደንሃይመር የዚሁ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ፤ በመካከለኛው ምሥራቅ ስላሉ የሎሚ ዘር ተባዮች የጻፉት መጽሐፍ በ1951 ወጥቷል። ቅጠል ቦርቧሪዋ እዚህ የተገኘችው ከዚያ 43 ዓመት ቆይታ ነው።

በ1994 ስትመጣ ምን ተደረገ? መጀመሪያ ብዙ መድኃኒት ተረጨ። ውጤቱ ግን አላረካም፤ ትሏ በቅጠሉ ቆዳ ሥር ናት፣ ዛፉም በየጊዜው አዲስ ቅጠል ያወጣልና ትናንት የተረጨው ዛሬ የወጣውን አይጠብቅም። ከዚህ የተነሣ የአገሪቱ የተባይ አጥኚዎች የእሳት እራቷን የሚያጠቁ ጥቃቅን ተርቦችን ከእስያና ከአውስትራሊያ አስመጥተው፣ አራብተው በፓርዴሶች ለቀቁ። ከእነርሱ መካከል ሲትሮስቲኩስ እና ሴሚኤላኬር የተባሉት አገሩ ተስማምቷቸው ቀሩ። ተርብ ስንል ሰው የሚነድፈው እንዳይመስላችሁ፤ እነዚህ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ናቸው፣ ሰውንም አይነኩም። ሴቷ ተርብ በቅጠሉ ላይ እየተራመደች ትሏን ትፈልጋለች፤ ስታገኛትም በስስ ቆዳው በኩል ትወጋትና አጠገቧ እንቁላል ትጥላለች። የተርቧ ልጅ ስትፈለፈል ትሏን መጥጣ ትጨርሳታለች።

ይህ ሥራ የሚሠራው በትልልቅ ፓርዴስ ውስጥ ብቻ አይደለም። በየግቢያችን ባለው ሎሚ ላይም፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ እነዚህ ተርቦች ይመላለሳሉ። መድኃኒት የረጨ ሰው ከትሏ ይልቅ አስቀድሞ የሚገድለው እነርሱን ነው። ትሏ ተሸፍናለች፣ ተርቧ ግን በቅጠሉ ላይ በግልጽ ትሄዳለች።

በጠርሙስ የመጣው መርዝ

ይህንን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገን አንድ ነገር አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባት የልጅ ልጃቸው ሲወለድ በሕንፃቸው ደጅ ሎሚ ተከሉ። በሁለተኛው በጋ ቅጠሉ ተጠቀለለ። ጎረቤት «ዓይን ነው» አለ። የሕንፃው ቫአድ ባይት ደግሞ ዛፉ በሽተኛ ስለሆነ ይነቀል አለ። እኒህ አባት ቅጠሉን ይዘው ሦስት ጊዜ ወደ እኛ መጥተዋል። እኛም የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛ ስለ ሎሚ ምን አገባው ብለን፣ «አባባ፣ ማሽቴላ ሄደው ይጠይቁ» እያልን መለስናቸው። በዕብራይስጥ መጠየቁ እንደሚከብዳቸው እያወቅን ነው።

በኋላ አንድ ዘመዳቸው ከሚሠራበት እርሻ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ መርዝ ቀድቶ አመጣላቸው። ጥቂቱን ረጩ፣ የተረፈው ወጥ ቤት ከመታጠቢያው ሥር ተቀመጠ። የአራት ዓመቱ ሕፃን ጠርሙሱን አውጥቶ ክዳኑን ሲከፍት አያቱ ሽታው መታቸውና ነጠቁት። ልጁ አልጠጣም፤ እጁና ልብሱ ላይ ግን ፈሶበት ስለነበር ሐኪም ቤት አደረ። እኛ ይህንን የሰማነው በሌላ ጉዳይ ቤታቸው ስንሄድ ነው። አባባም በዚያ ቀን ዛፉን ሊነቅሉት ተነሥተው ነበር።

ለእርሻ የሚሆን መርዝ ለቤት አይሆንም። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የሰውን ነርቭ የሚነኩ ናቸው፤ ምልክታቸውም ብዙ ምራቅና ላብ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ፣ የትንፋሽ ማጠር ነው። በቆዳም ይገባሉ። ወደ ሌላ ዕቃ የተገለበጠ መርዝ ደግሞ ስሙ ስለማይታወቅ ሐኪሙም ምን እንደሚያክም ይቸገራል። በጥር 2014 በኢየሩሳሌም ቤታቸው ውስጥ በተደረገ የተባይ ማጥፋት ሥራ ሁለት ሕፃናት እኅትማማቾች ሞተዋል፤ ያ መድኃኒት ሌላ ዓይነት ነበር፣ የተቀጠረውም ባለሙያ ነው ተብሎ ነበር። አደጋ የደረሰበት ሰው ልብሱን አውልቆ ቆዳውን በብዙ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። መርዙን የጠጣን ሰው አስገድዶ ማስመለስ አይገባም። ወዲያውኑ 101 ማጌን ዳቪድ አዶም ይደወል፣ ጠርሙሱም አብሮ ይወሰድ።

እንግዲህ ምን ይደረግ

ትልቅ ዛፍ ያለው ሰው ምንም አያድርግ። የተጠቀለለውን ቅጠል መልቀም ብዙ ሰው ይወዳል፤ ነገር ግን ቅጠሉ አሁንም ዛፉን ይመግባል፣ በውስጡም ተርቦች ሊኖሩ ይችላሉ። በተለይ በበጋ ዛፉን መከርከም አይገባም፤ የተከረከመ ዛፍ በብስጭት አዲስ ቀንበጥ ያፈላል፣ ያም ለእሳት እራቷ ድግስ ነው። ማዳበሪያና ውሃ በበጋው አጋማሽ ማብዛትም ያንኑ ያደርጋል። ከግንዱ ሥር ቀጥ ብለው የሚያቆጠቁጡትን ቀንበጦች ግን ለጋ ሳሉ በእጅ ማንሣት ጥሩ ነው፤ ፍሬ አይሰጡም፣ ለትሏ መራቢያ ይሆናሉ።

ወጣት ችግኝ ያለው ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በበጋና በመጸው የተጨማደደ ቅጠል እንደሚያይ አውቆ ይታገሥ። ማሽቴላዎች በለጋ ቅጠል ላይ ቀለል ያለ የማዕድን ዘይት ይረጫሉ፤ የእሳት እራቷ በዘይት የተቀባ ቅጠል ላይ እንቁላል መጣል አትወድም። ይህ ግን ለዕፅዋት ተብሎ የተዘጋጀ ዘይት ነው። የምግብ ዘይት ቀብተው ቅጠሉን ያቃጠሉ አሉና እንዳትሞክሩት። ከሥር ከውሃ ጋር የሚሰጥ መድኃኒትም አለ፤ ዛፉ በሥሩ ስቦ ወደ ቅጠሉ ስለሚያደርሰው ትሏን ይገድላል። ነገር ግን የዚህ ዓይነቱ ዋነኛ መድኃኒት ለንብ አደገኛ በመሆኑ የአውሮፓ ኅብረት በ2018 ሜዳ ላይ እንዳይደረግ ከልክሎታል፤ ለሻይ የሚጨመቅ የደጅ ሎሚ ላይ እኛ አንመክረውም። የግድ ካስፈለገም ፈቃድ ያለው ማድቢር ይጠራ፣ የፈቃድ ወረቀቱም ይታይ።

ቫአድ ባይት ዛፉ ይነቀል ካለ፣ ችግሩ በሽታ ሳይሆን «አሽ ሀሚንሃሮት» እንደሆነ በዕብራይስጥ ስሟን ጠርታችሁ ንገሯቸው። ይህን ስም ማወቅ ብቻ ክርክሩን ሲያሳጥር አይተናል። በዚያም ሕንፃ ይህንኑ ለማስረዳት ከአባባ ጋር አብረን ስብሰባው ላይ ተቀምጠን ነበር።

የእርሳቸው ሎሚ ዛሬ ከደጁ አጥር ይበልጣል። ባለፈው ዓመት ፍሬውን በላስቲክ ከረጢት ሞልተው ቢሮ ድረስ አመጡልን፤ ከፍሬው ጋር ከተቆረጡት ቅጠሎች በሁለቱ ላይ ያ ብርማ መስመር ነበረበት። እርሳቸውም አዩት፤ «ገብታለች» ብለው ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።